የጨው ባሕር በረዶ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በረዶ የሚገኘው ከአንዲት የላምባ ፍሪጅ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ የዚያች ፍሪጅ ቁልፍ የሚንጠለጠለው እኔ አንገት ላይ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ዕድሜዬ ሃያ አራት፣ ሥራዬ ጤና ረዳት፣ ስሜ አስናቀች። ጠባዬን ከጠየቃችሁኝ ደግሞ ቁልፍ የያዘ ሰው ጠባይ ነበረኝ። ላብ ከአንገት እስከ ተረከዝ በሚወርድበት አገር በረዶ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚከበር የቆላ ሰው ያውቀዋል። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ እኔን ሲያገኝ "ጓድ አስናቀች" ብሎ ድምፁን ያለሰልስ ነበር። እኔም አንዳንዴ እሺ እላለሁ፣ አንዳንዴ አኮርፋለሁ። በረዶው የክትባት መሆኑ ትዝ የሚለኝ ሳኮርፍ ብቻ ነበር።

በዚያው ጊዜ ከተማችን ውስጥ ሌላም የበረዶ ሰው ነበር። ጌታነህ ይባላል። ሶቭየት ኅብረት ሄዶ የአየር ጠባይ ተምሮ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሥራው ከከተማው ዳር ባለች የታጠረች ቦታ የዝናብና የሙቀት መለኪያ እያነበበ መመዝገብ ነበር። ተማሪ ሳለ ለልምምድ በመርከብ ወደ ሰሜን ጫፍ ወስደውት ኖሮ፣ እዚያ ያየውን ለሸዋ ሮቢት ሰው አወራ። ጥፋቱ ይኸው ነው። ባሕሩ ይረጋል አለ። ሰው ይራመድበታል፣ መኪና ይነዳበታል አለ። ፀሐይዋም በጋውን አትጠልቅም አለ። ከዚያ ወዲያ "ጌታነህ በረዶ" ተብሎ ቀረ። ጠላ ቤት ሲገባ "ባሕሩን በደኅና ተሻገርክ?" ይሉታል፤ እሱ ፈገግ ብሎ ይቀመጣል። እኔም እንደ ከተማው ሰው ቀጣፊ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ያን ዓመት ኩፍኝ ከደጋው ወደ ቆላው እየወረደ ነው የሚል ወሬ መጣ። በአቅራቢያችን ካለችው ከጀውሃ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ አንድ መንደር አለ፤ እኛ የሸህ ይማም መንደር እንለው ነበር። እዚያ ክትባት የወሰደ አንድም ልጅ አልነበረም። ምክንያቱ የሸሁ ልጅ ዘሃራ ናት። ከዚያ በፊት በወረደው ኩፍኝ ሁለት ልጆቿን ይዛ አንድ ከተማ ሐኪም ቤት ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳለች። የቀረቻት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሐያት ናት። ዘሃራ ሐያት የሐኪም ቤት ደጅ እንዳትረግጥ ማለች፤ የመንደሩ እናቶችም እሷን ሰሙ። በስንት ልመና "እዚሁ መጥታችሁ፣ ዓይናችን እያየ ከሆነ እሺ" አሉ። እንግዲህ በረዶውን ይዤ ወደ ልጆቹ የምሄደው እኔ ሆንኩ። ጌታነህም በዚያው መንደር የዝናብ መለኪያ ሊተክል ነበርና አለቃዬ "አብራችሁ ሂዱ" አለን።

የክትባቱ ሣጥን ግድግዳው ወፍራም፣ ክዳኑ ጥብቅ ነው። ከውስጡ የጡብ ያህል በረዶ፣ በበረዶው መሐል ጠርሙሶቹን የያዘ ቆርቆሮ ይቀመጣል። ደንቡ አጭር ነው፤ በረዶው እስካለ ክትባቱ አለ፣ በረዶው አልቆ ውሃው ከሞቀ ክትባቱ ይደፋል። ይህን ደንብ ለሌሎች የማስተምረው እኔው ነበርኩ።

ጠዋት በማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን በጭነት መኪና ወደ ጀውሃ ሄድን። ሣጥኑ በጉልበቴ መሐል ነው። ንፋሱ ራሱ ትኩስ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ጌታነህን ላበሽቀው አማረኝና ክዳኑን ከፈት አድርጌ "ባሕርህ ይህን ይመስላል?" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። "ዝጊው" አለኝ። "የኔ ባሕርም የሚታመመው እንዲህ ሲከፈት ነው።"

"ደግሞ ባሕር ይታመማል?"

"ይታመማል እንጂ። በረዶው ነጭ ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት መልሶ ወደ ሰማይ ይጥላታል። ከሥሩ ያለው ውሃ ግን ጥቁር ነው፤ ፀሐይዋን ይጠጣታል። በረዶው በሆነ ቦታ ቀልጦ ውሃው ሲገለጥ፣ ውሃው ይሞቃል። የሞቀው ውሃ ደግሞ አጠገቡ ያለውን በረዶ ይበላል። እንዲያ እያለ ይቀጥላል። በረዶው ለዓለም ክዳን ነው፣ አስናቀች።"

"እና ማነው የሚከፍተው?"

"መርከባችንን የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ነበር" አለ። "በወጣትነቱ በበጋ እንኳ በረዶ አላሳልፍ ይለው የነበረውን ቦታ፣ አሁን ውሃ ብቻ እያየ እንደሚያልፍ ይነግረን ነበር። ሲነግረን ፊቱን ያዞራል። መምህራችን ደግሞ ጭሱ ነው ይል ነበር። የፋብሪካው፣ የመኪናው፣ የምናነደው ሁሉ ጭስ ዓለምን እያሞቃት ነው ይል ነበር።"

መኪናችን ዳገት ይዞ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበርና ሳቄ መጣ። "ይቺ አሮጌ መኪና ናት ያንተን ባሕር የምታቀልጠው?"

"ይቺ ብቻዋን ምንም አታመጣም" አለ ጌታነህ። "ሁሉም ስለ ራሱ የሚለው ግን ይህንኑ ነው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነገሩን እንደ ተረት ነበር የሰማሁት። ቢሆንም ተረቱ ደስ አለኝ። ጀውሃ ስንወርድ አንዲት ምግብ ቤት ገብተን ለስላሳ አዘዝን፤ ጠርሙሱ የፈላ ሻይ ያህል ይሞቃል። ክዳኑን ከፍቼ በቢላ ጫፍ የጡጫ ያህል በረዶ ሰበርኩና በሁለታችን ብርጭቆ ጨመርኩት። "ተዪው" አለኝ ጌታነህ። "ትንሽ ናት" አልኩት። እጁን ወደ ብርጭቆው ሲዘረጋ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ጠጣ። በእግር መንገዱም ከአንዲት ግራር ሥር ስናርፍ ሦስተኛ ከፈትኩት። አንዱን ስባሪ አፌ ውስጥ ከተትኩ፣ ሌላውን አንገቴ ላይ አሸሁት። ቅዝቃዜው ጆሮዬ ድረስ ሲሰማኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከግራሩ በኋላ ያለው ሜዳ ገላጣ ነው። ሙቀቱ ከመሬት እየተነሣ ይርገበገባል፤ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ የተኛበት ይመስላል። ከኋላችን የጣርማ በር ተራራ በደመና ተሸፍኖ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሏል። ጌታነህ ከፊቴ እየሄደ በረዶው ሲሰነጠቅ ስለሚያሰማው ድምፅ ያወራልኛል። ሌሊት የሚያቃስት ከብት ይመስላል አለኝ። ከሩቅ ተነሥቶ ከእግርህ ሥር ያልፍና ማዶ ሄዶ ይጠፋል አለኝ። እኔ የሚርገበገበውን ሜዳ እያየሁ፣ ረግቶ በቆመ ውሃ ላይ የምንራመድ መሰለኝ። እግሬን እንኳ ቀስ አድርጌ ማሳረፍ ጀምሬ ነበር።

መንደሩ የደረስነው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሸህ ይማም ዳስ ሥር ተቀብለው ወተት ሰጡን። ቀጭን፣ ነጭ ጢማቸው የተስተካከለ፣ በወጣትነታቸው ከአፋር በረሃ ጨው እያመጡ በግመልና በአህያ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። "ልጆቹ ከፍየል ጋር ናቸው፣ ትላልቆቹ እርሻ ላይ" አሉኝ። "ለዐስር ሶላት ሁሉም ይመለሳል፤ ያኔ ትወጊያቸዋለሽ ኢንሻአላህ።" ሣጥኑን ዳሱ ጥላ ሥር አስቀመጥኩና ክዳኑን ለአፍታ ከፍቼ አሳየኋቸው። በረዶው ከጠዋቱ ግማሽ ያህል ቀርቷል። እስከ ዐስር ይበቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሸህ ይማም በረዶውን አይተው መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። ጌታነህ ስለዚያ ባሕር ነገራቸው። በሸዋ ሮቢት ሰው ሁሉ የሚስቅበትን ነገር እሳቸው ሳይስቁ ሰሙት።

"ባሕሩ ጨዋማ ነው?" አሉት።

"ጨዋማ ነው።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ" አለ ጌታነህ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው።

"በረዶውስ ይቆያል?"

"ዓመት አልፎ ዓመት የሚቆይ አለ። ሲያረጅ ጨዉን እየተፋ ይሄዳል። አቅልጠው ቢጠጡት ጣፋጭ ውሃ ነው።"

"ሱብሐነላህ!" አሉ ሸሁ። "እኔ ጣርማ በር ላይ በረዶ ወርዶ አህዮቼን ሲደበድብ አይቻለሁ። ጭነቱን አራግፌ ሳልጨርስ ይሟሟ ነበር። ይኸኛው ዓመት የሚከርመው በምን ኃይል ነው?"

ጌታነህ ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት፣ መለኪያውን የሚተክልበትን ቦታ ሊያሳየው አንድ ሰው መጥቶ ጠራው። ተነሥቶ ሄደ። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ።

እኔ ጠፍር አልጋው ላይ ጋደም አልኩ። ከንጋት ጀምሮ በእግሬ ነኝ፤ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተጫነኝ። እንቅልፉ ሲወስደኝ አላወቅሁም። በሕልሜ ጫማዬን አውልቄ ነጭ ባሕር ላይ እሄዳለሁ። ከእግሬ ሥር ጥቁር ውሃ ይታየኛል፣ በውሃው ውስጥ ደግሞ ፊታቸውን ያላየኋቸው ሁለት ልጆች ቀና ብለው ያዩኛል። አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ይከብደኛል። ከሩቅ አንድ የሚያቃስት ድምፅ ይነሣና ወደኔ ይመጣል። ድምፁ ሲደርስ በረዶው ይከፈታል ብዬ አልፈራሁም፤ ብቻ በጣም አዘንኩ። ለማን እንደማዝን ሳላውቅ እያለቀስኩ ነቃሁ።

ሸህ ይማም ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ፈገግ ብለው ያዩኛል። ክዳኑ ተከፍቷል። ጭናቸው ላይ ባዶ የቆዳ ከረጢት አለ።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። "በረዶሽን አቆየሁልሽ።"

"ምን አድርገው?"

"ጨው ነሰነስኩበት። ሥጋ በጨው ይከርማል፣ ቆዳ በጨው ይከርማል። ያ በረዶም ዓመት የሚከርመው ጨው ባሕር ላይ ስለተኛ ነው። አርባ ዓመት ጨው ነግጄ ይህ ይጠፋኛል?"

ዘልዬ ሄድኩ። ጡቡ የለም። ቆርቆሮው የሟሸሸ፣ አመድማ በረዶ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ይንሳፈፋል። እጄን ስከት ቅዝቃዜው አቃጠለኝ። ጮኼ ጌታነህን ጠራሁት፤ ሲሮጥ መጣ። ከቦርሳው የሙቀት መለኪያ አውጥቶ ከተተ። ሁለታችንም አጎንብሰን የምትወርደዋን ቀጭን መስመር አየን።

"ከበረዶም በታች ወርዷል" አለ።

ደስ አለኝ። "እንግዲያ ደግ ሠርተዋል!"

"አይደለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጨው በረዶን ያቀልጠዋል። ሲቀልጥ ለጊዜው እጅግ ይቀዘቅዛል። ለከሰዓት ሙሉ የሚሆነንን ብርድ አሁን ባንድ ጊዜ እየጨረሰው ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነው የሚቀረው።"

"ስንት ጊዜ አለን?"

"አንድ ሰዓት። ከዚያ ካለፈ አላህ ያውቃል" አለ ወደ ሸሁ እያየ።

የሸህ ይማም ፊት ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ። ነገሩ ሲገባቸው ከረጢቱ ከእጃቸው ወደቀ። ዐስር ገና ሩቅ ነው፤ ልጆቹ በየሜዳው ተበትነዋል። በዚያ መንደር ድቤ የሚመታው ለመውሊድና ለመንዙማ ነው፣ ያውም ሰው ተሰብስቦ ሲያበቃ። በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ነገር ድቤ ከተመታ ሰው ክፉ ነገር ደረሰ ብሎ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ በከንቱ የመታው ሰው ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አሰቡ መሰለኝ፣ ቆም አሉ። ከዚያ "እኔው ያጠፋሁትን እኔው ልጥራ" ብለው ቤት ገብተው ድቤውን ይዘው ወጡ። በዚያ ሙቀት፣ በሚርገበገበው ሜዳ ፊት፣ ብቻቸውን ቆመው መቱት።

ሰዉ ከማሽላው ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከየግራሩ ሥር ብቅ ብቅ አለ። ከሩቅ ሲመጡ እግራቸው በሙቀቱ ጭጋግ ተቆርጦ በአየር ላይ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። መርፌ ቀቅዬ ጨርሻለሁ። ልጆቹን አሰለፍን። ጌታነህ መለኪያውን ከሣጥኑ ሳያወጣ፣ ደንቡ የሚፈቅድልንን ጫፍ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎበት በየጥቂት ጊዜው "ደኅና ነን" ይለኛል። እኔ እወጋለሁ፣ ልጁ ይጮኻል፣ እናቱ ትስቃለች፣ ቀጣዩ ይመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ፈጥኜ ሠርቼ አላውቅም። ሰልፉ እያጠረ ሲሄድ ልቤ ረጋ አለ።

ዘሃራን ያየኋት ያኔ ነው። ከዳሱ ጠርዝ ቆማ፣ ሻሿን በጥርሷ ነክሳ፣ የወንዙን መንገድ ታያለች። ሐያት ከአጎቷ ጋር ከወንዙ ማዶ ናት፤ የድቤው ድምፅ እዚያ አይደርስም። የሚጠራት ሰው ተልኳል። ሌላው ልጅ ሁሉ አለቀ። አንድ ጠርሙስ ቀረ። ጠበቅን።

"ቀዩን ነካ" አለ ጌታነህ።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ "አለፈው" አለ።

ሐያት ከዚያ በኋላ መጣች። አጎቷ በጀርባው አዝሏት እየሮጠ ነው የመጣው። ወርዳ በቀጥታ ፊቴ ቆመች፤ እጇን ዘረጋችልኝ። "እኔ አላለቅስም" አለችኝ።

እጄን ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ውሃው ለብ ብሏል። መርፌው በእጄ ነው፣ ጠርሙሱም አለ። የሞቀውን ክትባት ብወጋት ከጌታነህ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቲቱ ደስ ይላታል፣ መንደሩ ይመርቀኛል፣ እኔም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ኩፍኙ ከመጣ የአላህ ሥራ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ማሰቤን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ግን የተዘረጋችው እጅ በጣም ቀጭን ነበረች።

"ይኸኛው አይሆንም" አልኩ። "ሞቋል። ሞቷል።"

ሰዉ ሁሉ ወደ ሸህ ይማም ዞረ። ዘሃራ "አባዬ፣ ምን ነክቶዎት ነው?" ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ። "የልጅ ልጄን በረዶ በገዛ እጄ ገደልኩት" አሉና እንደ ሕፃን አለቀሱ። ማንም ሊያባብላቸው አልተጠጋም። ጌታነህ መለኪያውን እያየ ነው፤ ወደኔ ቀና አላለም። መናገሩን ለኔ እንደተወልኝ ገባኝ።

ተነሣሁ። "እሳቸው ብቻ አይደሉም" አልኩ። "ጠዋት በረዶው እዚህ ስንደርስ ከቀረው እጥፍ ነበር። ክዳኑን እያስከፈተ እዚህ ድረስ ያመጣኝ ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የከፈትኩት። አንዴ ለቀልድ፣ አንዴ ለስላሳ ላቀዘቅዝ፣ አንዴ አንገቴን ላበርድ። ያ ሁሉ ቢኖር ጨው እንኳ ተነስንሶበት ለሐያት ይተርፍ ነበር። የሐያትን በረዶ የበላሁት እኔ ነኝ።"

"የልጆቹን በረዶ እየላስሽ ነው የመጣሽ?" አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ።

"አዎ" አልኩ።

"እኔም አብሬ ጠጥቻለሁ" አለ ጌታነህ።

ዘሃራ ወደኔ መጣች። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ሳይሆን ሲቀር ገለጥኩ። ፊቴን እያየችኝ ነው፤ እንደዚያ ሰው አይቶኝ አያውቅም።

"ሐኪም ቤት ስሄድ አንዱ አይዞሽ አለኝ" አለች በቀስታ። "ሌላዋም አይዞሽ አለችኝ። ሁሉም አይዞሽ እያሉኝ ነው ሁለቱን የቀበርኩት። አጠፋሁ ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።" ሐያትን እጇን ያዘቻት። "ሌላ በረዶ አለሽ?"

"ሸዋ ሮቢት አለኝ። ዛሬውኑ ከሄድን..."

"ያንንም ልሰሽው ይሆን?"

"አልነካሁትም።"

"እንሂድ" አለች ዘሃራ።

ሸህ ይማም አህያቸውን ጭነው ሐያትን ራሳቸው አስቀመጧት። ጀውሃ ድረስ አብረውን በእግራቸው መጡ። መንገድ ላይ ጌታነህ ለጥያቄያቸው መልስ ሰጣቸው፤ በረዶው የሚከርመው በጨው አይደለም፣ በብርዱ ነው፣ ብርዱም የሚጠበቀው በረዶው ራሱ ሲኖር ነው አላቸው። "እንግዲያ ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ፍጥረት ነው" አሉ ሸሁ። "ሰው ካልደረሰበት።" መኪና አግኝተን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። የጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ዘሃራ ቆመች። መሐላዋ ነው ያቆማት። ሐያት ግን አስቀድማ ገብታ ነበርና ተከተለቻት። ፍሪጁን ከፈትኩ፣ አንዱን ጠርሙስ አወጣሁ፣ ወዲያው ዘጋሁ። ወጋኋት። አላለቅስም ያለችው ልጅ የሰፈሩ ውሻ እስኪደነግጥ ድረስ አለቀሰች፤ እናቷም እኔም አብረናት አለቀስን።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ሁሉንም ተናገርኩ። ቁልፉ ከአንገቴ ወረደ፣ ለወራትም ወለል ጠራጊ ሆኜ ቆየሁ። አልከፋኝም። ኩፍኙ በዚያው ዓመት ወደ ቆላው ወርዶ በየመንደሩ ለቅሶ አስነሣ። ከሸህ ይማም መንደር ግን አንድም ትንሽ ሬሳ አልወጣም። ጌታነህ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ የተከለው የዝናብ መለኪያ ግን ለብዙ ጊዜ እዚያው ቆሞ ነበር። ሐያት አሁን የልጆች እናት ናት፤ በየበዓሉ ትደውልልኛለች።

አንባቢዎቼ፣ ያቺ ቀን ምን ለወጠችብሽ ብትሉኝ፣ "ትንሽ ናት" የሚል ቃል ከአፌ ጠፍቷል እላችኋለሁ። ከዚያ ወዲያ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ለእናቶች አይዞሽ ከማለቴ በፊት እውነቱን መናገር ለመድኩ፤ መራራ ቢሆንም። ጌታነህ ቀጣፊ እንዳልነበረም ዘግይቼ አወቅሁ። አሁን ሽምግልናዬ ላይ ሬዲዮ ስከፍት የዚያ ባሕር በረዶ ዓመት በዓመት እየሳሳ፣ በበጋ የሚቀረውም እያነሰ መሄዱን እሰማለሁ። ያ መርከብ ነጂ ሽማግሌ ፊቱን ለምን ያዞር እንደነበር አሁን ገብቶኛል። የአገራችን የይፋት ሙቀትም እኔ የማውቀው አይደለም፤ የሮቢት ወንዝን ያየ ይመስክር።

ወሬው ሲነበብ አጠገቤ ያለ ሰው ሁሉ ጥፋተኛውን ሩቅ አገር ይፈልጋል። የከበዱ እጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የኔ አንገትና የፋብሪካ ጭስ እኩል አይደሉም። ሆኖም እኔ ነኝ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ካሉት በኋላ ደግሞ ምን ያህል መንገድ እንደሚከፍት እኔ አይቻለሁ። ብቻ አንድ ነገር ያስፈራኛል። እኔ ያን ቀን አጥፍቼ ስናገር፣ በእግርና በመኪና ተጉዤ የምደርስበት ሌላ በረዶ ነበረኝ። የዚያ ባሕር በረዶ ያለቀ ዕለት ግን ልጆቻችንን አዝለን የምንሄድበት የለንም።